የታጠቡት ብልቃጦች

ባለፈው ማክሰኞ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከቤቴ ብዙም ከማይርቀው መድኃኒት ቤት ተሰልፌ የደም ግፊት ኪኒኔን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ ካፖርታቸውን ፈታ ሲያደርጉ የካምፎር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ደረት ላይ በደንብ የታሸ ካምፎር። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰልፉ ወደ ፊት ሄዷል፣ እኔ የለሁም። በመኪና ያመጣችኝ የልጄ ልጅ ሶልያና ክርኔን ነካ አድርጋ፣ «አያቴ፣ አር ዩ ኦኬ? ላይኑ እኮ ሙቭ አድርጓል» አለችኝ።

«ደህና ነኝ፤ አሌክሳንድሪያ ደርሼ መጣሁ።»

«መቼ? ማን ድራይቭ አደረገሽ?»

ሳቄ መጣ። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ነጭ ጋውን የለበሰው ወጣት ስሜንና የልደት ቀኔን ጠይቆ፣ አፉ የታሸገ የወረቀት ከረጢት አቀበለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሁልጊዜ በፈገግታ ነው የሚያስተናግደኝ። ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ግን ምንም አይሸትም። ሁሉም ነገር ተቆጥሮ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ ተከድኖ ተቀምጧል። በኔ ዘመን መድኃኒት ቤት ማለት ሰው ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለ በጠረኑ የሚያውቀው ቤት ነበር።

እኔ መድኃኒት ቀማሚ ነበርኩ። ይህን ስል የልጅ ልጆቼ ኪኒን እሸጥ የነበረ ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ተቀብዬ፣ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በሚዛን መዝኜ፣ ቅባቱን በመስታወት ሰሌዳ ላይ እያሸሁ፣ ዱቄቱን በትናንሽ ወረቀት አጣጥፌ ለበሽተኛ የምሰጥ ሰው ነበርኩ። አለቃዬ ጋሼ ገብረየስ የሚባሉ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም ሰው ነበሩ። ጠርሙስ ስንከፍት መጀመሪያ በእጃችን አራግበን አሽትተን፣ ስሙን ጮክ ብለን እንድንጠራ ያስገድዱን ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ከዚያ በኋላ ነው የምናነበው። ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣቸው ግን ያልታጠበ ጠርሙስ ነው። «ይሄ ጠርሙስ ሰው ይገድላል!» ብለው ከነጋውናቸው ሲንቀጠቀጡ ዛሬም ይታዩኛል። በሕልሜ ሳይቀር ጠርሙስ ያሳጥቡኝ ነበር።

ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጣሁ ማውራት አልወድም፤ ያን ጊዜ ሁሉም የሚወጣበት ቀዳዳ ይፈልግ ነበር፣ እኔም አንዱን አገኘሁ። ልጄ ማህሌት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ጉለሌ እናቴ ዘንድ ትቻት ነው የመጣሁት። ስካይላይን ከሚባሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከአክስቴ ልጅ ከሰብለ ጋር እኖር ነበር። ለሁለታችን አንድ መኝታ ቤትና አንድ የክረምት ካፖርት ነበረን። ካፖርቱን ሰብለ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በስድስት ዶላር ገዝታው ነው፤ ቡና ዓይነት ሆኖ፣ የዚያን ጊዜ ፋሽን ስለነበር ትከሻው ላይ ትልልቅ ስፖንጅ ተሰፍቶበታል። እሷ ሆቴል ማለዳ ገብታ እስክትመለስ ካፖርቱ የሷ ነው፤ ከዚያ በኋላ የኔ ይሆናል። ማለዳ የምወጣ ከሆነ ደግሞ ሦስት ሹራብ ደርቤ እንደ ድንች ጆንያ ሆኜ አውቶብስ እጠብቃለሁ። ሦስት ዶሮ በአምስት ዶላር ይሸጥ ነበር። እኔና ሰብለ እንደዚያ ዓመት ዶሮ በልተን አናውቅም። እሑድ እሑድ ሰብለ ካሴት ትከፍታለች፤ ከሰው ከሰው እየተቀዳ የመጣ ስለሆነ ዘፋኙ እንቅልፍ የያዘው ይመስል ድምፁ ይጎተታል፣ ሰብለ ግን አብራው እየጎተተች ትዘፍናለች። ሰው ያሳዝናሉ ይለን ይሆናል፣ እኛ ግን በሳቅ ነበር የምንሞተው።

የሙያ ወረቀቴን ይዤ ያልዞርኩበት የለም። አርሊንግተን ያነጋገረኝ አንድ ሰው በትህትና አገላብጦ አየውና፣ «እኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነት ሥራ ከቀረ ዘመን ሆኖታል» አለኝ። መድኃኒቱ ሁሉ ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የሚወቀጥ፣ የሚታሽ ነገር የለም። እንደገና መማር አለብኝ፣ ለመማር ጊዜ ያስፈልገኛል፣ የኔ ጊዜ ደግሞ የማህሌት ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ ወጥቷል። ልጄን ለማስመጣት ኤምባሲው የቀረሽ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ የረጋ ሥራ እንዳለኝ አሠሪዬ የሚጽፍልኝ ደብዳቤ። ስለዚህ መጀመሪያ የተገኘውን ሥራ ያዝኩ። የተገኘው ደግሞ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ጽዳት ነበር።

ኪንግ ስትሪት ያን ጊዜ እንደ ዛሬ በሬስቶራንት አልተጨናነቀም። የእግረኛ መንገዱ ጡብ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ መጨረሻው ላይ ወንዙ ይታያል። ማዕዘኑ ላይ ዳቦ ቤት ነበር፤ የትናንቱን ዳቦ በግማሽ ዋጋ የሚሸጡ ሁለት እህትማማቾች ነበሩበት፣ አንዷ ፈገግ ትላለች፣ ሌላዋ ትቆጣለች። ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ አንድ አሮጌ መድኃኒት ቤት አለ። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እየተቀባበሉት ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቶ ተዘግቶ፣ ከነዕቃው ትንሽ ሙዚየም ሆኖ ነበር። ኃላፊዋ ሚስስ ሃሪስ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ፣ ስድሳን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በዶቃ ገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው።

መጀመሪያ ቀን በሩን አልፌ ስገባ ያየሁትን አልረሳውም። ሙቀጫው ከነዘነዘናው፣ ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን፣ ቅባት የሚታሽበት ሰሌዳ፣ ዱቄት የሚጠቀለልበት ወረቀት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ኪኒን የሚድቦለቦልበት ባለ ቦይ እንጨት። አንድ ሳይቀር የኔ ዕቃ ነው። ሁሉም በቀይ ገመድ ታጥሮ «እባክዎን አይንኩ» የሚል ተጽፎበታል። እኔ ይህንን ሁሉ ከሰባት ወር በፊት ደመወዝ እየተከፈለኝ ስነካው ነበር! ሚስስ ሃሪስ ለምን እንደምስቅ ጠየቁኝ፤ እንግሊዝኛዬ አላደረሰኝም፣ «ቆንጆ ነው» ብዬ ዝም አልኩ።

እሳቸው ግን ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። እኔ ወለሉን ስወለውል ከኋላዬ እየተከተሉ የአገራቸውን የሕክምና ታሪክ ይነግሩኛል፤ እንግሊዝኛዬንም ታሪካቸውንም አንድ ላይ ተማርኩ። በዚያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሐኪም ለመባል ሁለት ክረምት ሌክቸር መስማት ይበቃ ነበር አሉኝ፤ ሁለተኛው ክረምት ደግሞ የመጀመሪያው ድጋሚ ነው። ትኩሳት ያዘህ፣ ደም ያወጣሉ። ራስህን አመመህ፣ ደም ያወጣሉ። ትንሿን የደም መቅጃ ስለት ሲያሳዩኝ፣ እኛም ዋግምት አለን፣ በቀንድ ነው የምንመጠው አልኳቸው። ደስ ብሏቸው የነሱን የመስታወት ዋግምትና አልቅት ይቀመጥበት የነበረውን ማሰሮ አወጡልኝ። ጥርስ እስኪነቃነቅ ሜርኩሪ ያስውጡ እንደነበር፣ እግር ሲቆረጥ አራት ሰው በሽተኛውን ይይዝ እንደነበር፣ ከዚያ አንድ ጥርስ ነቃይ ኤተር የሚባል ማደንዘዣ አሽትቶ ሰው ሳያመው መንቀል እንደቻለና ዓለም እንደተለወጠ፣ ሁሉንም ነገሩኝ። እርስ በርስ የተዋጉ ጊዜ የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናትና ትልልቅ ቤቶች ሁሉ ሆስፒታል ሆነው ነበር፤ ሐኪሙ መጋዙን በሽርጡ ጠረግ አድርጎ ወደሚቀጥለው ቁስለኛ ይሄዳል አሉኝ። እጅ መታጠብ ገና አልመጣም።

«ጋሼ ገብረየስ ቢኖሩ ሳሙና ይዘው ከነመጋዛቸው ያባርሯቸው ነበር» አልኩ። ጋሼ ገብረየስ ማን እንደሆኑ አስረዳሁ። ሚስስ ሃሪስ ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው በመጣ ቁጥር በስሜ «የአልማዝ አለቃ» እያሉ ያወሩላቸዋል።

ለካ የሚያስለቅሰኝም የጋሼ ገብረየስ ትምህርት ኖሯል። ሦስት ወር ስሠራ ደብዳቤውን እንደሚጽፉልኝ ሚስስ ሃሪስ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ሦስት ወሩ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አርብ ዕለት፣ እሳቸው ለጉዳይ ሪችመንድ ሊሄዱ ሲነሱ፣ «የኋላውን ክፍል አጽጂልኝ» ብለውኝ ወጡ። ማጽዳት ሲሉ ወለሉንና መደርደሪያውን ማለታቸው ነው። እኔ ገብቼ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሦስት መደርደሪያ ሙሉ ብልቃጥ፣ ውስጡ ቡናማ ዝቃጭ ተጋግሮበት፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደብዝዞ ስሙ የማይነበብ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ነጭ ጋውኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ለጽዳት ብዬ ለብሼው አላውቅም፣ ያን ቀን ለበስኩት። ውሃ አፈላሁ። እያንዳንዱን ብልቃጥ ከፈትኩ፣ በእጄ አራግቤ አሸተትኩ፣ ብቻዬን መሆኔን ረስቼ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ አጠብኩት፣ አለቀለቅሁት። የመስታወት ውታፎቹ አንዱ ከሌላው ብልቃጥ ጋር ስለማይገጥም፣ እንደ ሥርዓታችን እያንዳንዱን ውታፍ በብልቃጡ አንገት ላይ በክር አሰርኩ። ውታፎቹን ላጥብ ስል የአውቶብሴ ሰዓት ደረሰ፤ ለሰኞ ተውኳቸው። አንድ ማሰሮ ብቻ አላጠብኩም። ውስጡ የደረቀ ቀላ ያለ አበባ ነበር። ስከፍተው እንደ ማልቀስም እንደ መሳቅም አደረገኝ፣ ክዳኑን መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት። ወደ ቤት ስሄድ ብልቃጦቹ በመስኮቱ ብርሃን ያብረቀርቁ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሚስስ ሃሪስን እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው፤ እንዲያመሰግኑኝ። በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«የት ሄደ?»

«ምኑ?»

«ውስጡ የነበረው።»

«አጠብኩት» አልኩ፤ ኩራቴ ገና አልበረደም።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው ሳያደርጉት ያዙት። ያ ዝቃጭ ነው የምንፈልገው አሉኝ፣ በዝግታ፣ አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ። ያ ቤት ለሰው ምን ይሰጥ እንደነበር የሚናገር ሌላ ነገር የለም፤ መዝገቡ ተቃጥሏል። ከዩኒቨርሲቲ አንድ ኬሚስት እንዲመጣ ዓመት ሙሉ ሲለምኑ ኖረው፣ የፊታችን ሐሙስ ሊመጣ ነው። የመቶ ዓመት ታሪካቸውን በሙቅ ውሃ አጥቤ ቦይ ውስጥ ደፍቼዋለሁ።

ደብዳቤው ነው መጀመሪያ የመጣብኝ። ስለ ታሪካቸው ሳይሆን ስለ ማህሌት ነው ያሰብኩት፣ ይህን ዛሬም አልደብቅም። ጠየቅኳቸው።

«ስለ ደብዳቤው ከሐሙስ በኋላ እንነጋገራለን» አሉ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ሰብለ ካፖርቱን ሳታወልቅ ሰማችኝ። «ፋየር ማድረጋቸው አይቀርም» አለች። «አልማዝዬ፣ ሶሪ በያቸውና ሌላ ጆብ አፕላይ አድርጊ። እኛ ሆቴል ሃውስኪፒንግ ሃየር እያደረጉ ነው፤ ነገውኑ ሱፐርቫይዘሬን ላናግርልሽ።»

«ደብዳቤ ይጽፋሉ?»

«ስድስት ወር ሳትሠሪማ አይጽፉም።»

«ስድስት ወር! ማህሌት መልኬን ትረሳዋለች እኮ!»

«ታዲያ ምን ይደረግ? አንቺስ ምን ቤት ነሽና ነው ሰው ያላለሽን የምታጥቢው?»

«ጠርሙስ ቆሽሾ እንዴት ብዬ ልለፈው፣ ሰብለ? ካምፎሩ ሰናፍጭ ከሚመስለው አጠገብ...» ብዬ ጀምሬ አፌን ያዝኩ። ካምፎሩ። የመጀመሪያው መደርደሪያ፣ ከግራ ሦስተኛው። አጠገቡ ቅርንፉድ። ከዚያ ጉሎ ዘይት። ሁሉንም አሽትቼ ስማቸውን ጠርቻለሁ፤ በተራቸውም ነው የመለስኳቸው። «ወረቀት ስጪኝ» አልኳት።

እራት ሳንበላ ጻፍኩ። ከርቤ። እሬት። ሰናመኪ። ናና። አኳራጅ። ኦፒየም፣ እሱን አዲስ አበባ በቁልፍ ዘግቼ እይዘው ስለነበር ከሺህ ሽታ መሃል እለየዋለሁ። አንዱ ግማት ያለው ሙጫ ስሙ ጠፍቶኝ ክፍሉን ስንዞረው ቆየን፤ «አሳፌቲዳ!» ብዬ ስጮህ ሰብለ ሳህን ጣለች። ምንም የማይሸቱ ሰባት ብልቃጦች ነበሩ። ሰብለ የሆነ ስም ሙይባቸው ስትለኝ እምቢ አልኩ፤ በየፊታቸው «ሽታ የለውም፤ አላውቀውም» ብዬ ጻፍኩ። የአበባውን ማሰሮ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም፤ በአማርኛ «ኮሶ» ብዬ ጻፍኩት።

ማክሰኞ «አጥፍቻለሁ» ብዬ ወረቀቱን ሚስስ ሃሪስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሐሙስ ኬሚስቱ መጣ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰላምታው አጭር ሰው። የሆነው ሲነገረው ቦርሳውን መልሶ ሊያነሳ ምንም አልቀረው። በዚህ ጊዜ ሚስስ ሃሪስ አንዱን ብልቃጥ አንስተው በክር የተንጠለጠለውን ውታፍ አሳዩት። የውታፉ አንገት ላይ ያልታጠበ ቡናማ ቅሪት አለ። ሁሉም ላይ አለ፤ ሁሉም ከየብልቃጡ ጋር ታስሯል። ሰውየው ቦርሳውን ከፈተ። ከወረቀቴ ሳያይ እየፋቀ፣ እያሸተተ፣ ከመመርመሪያ ሳጥኑ ጠብታ እየጨመረ አንድ ሰዓት ቆየ። ሚስስ ሃሪስ ወረቀቴን ይዘው ከኋላው ቆመዋል። እሱ አንድ ስም በተናገረ ቁጥር እሳቸው ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ እኔ በሩ ላይ መወልወያዬን ይዤ ፊታቸውን አነባለሁ። ስድስተኛው ላይ ፈገግ ማለት ጀመሩ።

ከዚያ ማሰሮው ጋ ደረሰ። አበባውን በጣቱ አንስቶ አየ፣ አሸተተ፣ ትከሻውን ሰበቀ። «ለሻይ የሚሆን ነገር ይሆናል» አለ።

«ሻይ አይደለም!» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ፤ መወልወያውን ግድግዳ አስደግፌ ገባሁ። «የኛ አገር ዛፍ ነው። ቀዩ ሴቴው ነው፣ የሚሻለውም እሱ ነው። ለሆድ ትል ነው የሚጠጣው።»

ኬሚስቱ በትዕግስት ተመለከተኝ። የአቢሲንያ ዛፍ አበባ ባለፈው መቶ ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ምን ይሠራል አለ። ሚስስ ሃሪስ ባንኮኒው ላይ ወደተዘረጋው ትልቅ የመድኃኒት መጽሐፍ ሄዱ፣ የዚያ ዘመን ባለ መድኃኒት ቤቶች ሁሉ የሚመሩበት ነው። ገጹን እያገላበጡ፣ «እንዴት ነው የሚጠጣው?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ይደቅቃል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ከነአተላው ይጠጣል» አልኩ። ከዚያ አፌ ተከፈተ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው በየሁለት ወሩ እንደሚጠጣው፣ ያን ቀን ደጁን ዘግቶ እንደሚውል፣ የሚፈልገው እንግዳ ሲመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ማንም ቅር ሳይለው እንደሚመለስ፣ አባቴ ማየት የማይፈልጉት ዘመድ ሲመጣ ሳይጠጡም «ጠጥተዋል» ያስብሉ እንደነበር፣ ሲሽራቸውም ጥሩ ወጥ እንደሚሠራላቸው። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ምን ያህሉ እንደገባቸው እንጃ። ሚስስ ሃሪስ ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አቢሲንያ ውስጥ ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ አበባ ነው ይላል። ደቅቆ፣ በለብታ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በባዶ ሆድ፣ ከነአተላው ይጠጣል።

ኬሚስቱ መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ «ወረቀትሽን ማየት እችላለሁ?» አለኝ። «አላውቀውም» ብዬ የጻፍኩባቸውን ሰባቱን ጣቱን እያሳረፈ ቆጠራቸውና፣ «የቀረውን እንዳምን ያደረጉኝ እነዚህ ናቸው» አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከላቦራቶሪው በላከው ውጤት፣ ስም ከሰጠኋቸው የተሳሳትኩት ሁለት ብቻ ነበር። አንዱን ዛሬም አልቀበለውም።

የዚያን ሐሙስ ዕለት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሚስስ ሃሪስ ጠሩኝ። «ደብዳቤሽን ዛሬ እጽፋለሁ። ግን አልማዝ፣ የማውቀውን ሁሉ ነው የምጽፈው። ጥሩውን መርጬ መጻፍ አልችልበትም።» በአሮጌው መተየቢያቸው ሲመቱት ሰማሁ፤ አጭር አልነበረም። ካሸጉት በኋላ ሰጡኝ። አውቶብስ ላይ ፖስታውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳየው ነበር። ጥፋቴን ጽፈውታል፤ የቀጣሪዋን ንብረት ላበላሸች ሴት የትኛው ቆንስል ነው ልጅ የሚሰጠው? ሰብለ ጀበናውን ጥዳ፣ «በእንፋሎቱ ክፈቺው፣ እንዳንቺ ላለ ኬሚስት ይሄ ምን ያቅተዋል?» አለችኝ። እችል ነበር፤ አሳምሬ። ግን ሰባቱ ብልቃጥ ላይ ያልዋሸሁ ሰው ፖስታ ላይ ልዋሽ? ጠዋት እንደታሸገ ላክሁት።

ከሚስስ ሃሪስ ጋር ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ውሎ አድሮ ቀዩን ገመድ ለኔ ብቻ ከፈቱልኝ፤ ተማሪዎች ሲመጡ ነጭ ጋውኔን ለብሼ ሙቀጫው ጋ እቆማለሁ፣ ዱቄት መዝኜ ወረቀት አጣጥፌ አሳያለሁ። ልጆቹ የዚያ ዘመን አሜሪካዊት መስዬአቸው «እርስዎ ያኔ ነበሩ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም «ነበርኩ» እላለሁ። ሚስስ ሃሪስ ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ብዙ ሰው ሙያዬ እዚህ አገር ስላልታወቀልኝ ያዝንልኛል። ለኔ ግን ታውቆልኛል፤ ዘመኑ ነው ትንሽ የራቀው።

ደብዳቤው ከተላከ ሰባት ሳምንት ሆኖት እናቴ ከስልክ ቤት ደወለችልኝ። መስመሩ ይንሿሿል። «ተፈቀደ!» አለች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን እኔ አልገባኝም ልጄ። ማህሌትን ይዤ ፊቱ ቆሜ ሳለ ቆንስሉ ደብዳቤውን ሲያነብ መሳቅ ጀመረ። ጓደኛውን ጠራው፣ ለሁለት ሳቁ። አስተርጓሚውን ብጠይቀው፣ ጠርሙስ አጠበች ነው የሚለው አለኝ። ጠርሙስ ማጠብ ምኑ ያስቃል?»

«ሌላስ ምን ይላል?»

«ስታጠፋ አጠፋሁ የምትል፣ የማታውቀውን አላውቅም የምትል ሴት ናት፤ እኔ ልጅ ቢኖረኝ ለሷ እሰጣለሁ ይላል አለኝ።»

ማህሌት የመጣችው በጸደይ ነው። ከአየር መንገዱ ሠራተኛ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ፣ አዲስ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ከሷ የሚበልጥ ሻንጣ አስከትላ ወጣች። ቁመቷ ጨምሯል። አቀፍኳት፤ እንጨት ሆነች። የመንገዱን ድካም ጠየቅኳት፣ ጫማዋን ታያለች። ሰብለ ከረሜላ ሰጠቻት፣ አልተቀበለችም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ ወር ሙሉ ይዛው የቆየችውን ጠየቀችኝ።

«ያ ፈረንጅ ለምንድን ነው የሳቀብኝ?»

ተንበረከክሁላት። «ባንቺ አይደለም የሳቀው የኔ እናት። በኔ ነው።»

አሰበችበት። «አንቺ አልተናደድሽም?»

«ኧረ እንኳንም ሳቀ! ስለ ሳቀ እኮ ነው አንቺ የመጣሽልኝ።»

መጀመሪያ ጥርሷን ደበቀች፤ ከዚያ ሳቀች። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ያላለቀስኩትን፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩት።